የቆጡና የብብቱ

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን አባባል የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ይሁን እንጂ ሰው አባባሉን የሚያስታውሰው አብዛኛውን ጊዜ የብብቱ መሬት ከነካ በኋላ ነው። በተለይም ቆጡ የራስ ሳይሆን የጎረቤት በሆነ ጊዜ፣ ዓይን ወደ ላይ እንደተሰቀለ ክንድ መቼ እንደላላ አይታወቅም። በ2017 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ የካቲት በነበሩት ወራት፣ ሀራሙስ ውስጥ በአንድ ቪላ ምግብ አብሳይ ሆና የምትሠራ ኢትዮጵያዊት የገጠማት ነገር ይህንኑ የሚያስታውስ ነው።

ሀራሙስ ከጅቡቲ ከተማ በስተምሥራቅ ባሕሩን ተጠግቶ የተሠራ፣ የኤምባሲዎችና የባለጸጎች ሰፈር ነው። የአሜሪካ ኤምባሲም የሚገኘው በዚሁ ሰፈር ነው። ግንቦቹ ነጫጭ፣ በሮቹ ረዣዥም፣ መንገዶቹም ጭር ያሉ ናቸው። በቀትር በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ ከአየር ማቀዝቀዣ ጉርምርምታ በቀር ብዙም የሚሰማው ነገር የለም። ወደ ጓዳዎቹ በር ለቀረበ ሰው ግን አማርኛና ኦሮምኛ ይሰማል። የቪላዎቹን ድስትና ካውያ፣ የአትክልቱን ውሃና የሕፃናቱን እንቅልፍ ከያዙት እጆች ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ የመጡ ናቸውና።

ሴትየዋ ወደ ጅቡቲ የመጣችው ከኮምቦልቻ ነው። እንደ ብዙዎቹ ሁሉ እሷም «ሦስት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብላ ነበር የወጣችው። ሦስቱ ዓመት አሥር ሆነ፤ አሥሩም አልፎ ሄደ። በ2004 ዓ.ም. የሁለት ዓመት ቁጠባዋን ሰብስባ፣ በወንድሟ አማካይነት፣ በሀገር ቤት አዲስ ከተቋቋሙት ትናንሽ ባንኮች በአንዱ 40 አክሲዮን ገዛች። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 1,000 ብር ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር 17 ብር ከጥቂት ሳንቲም፣ አንድ ብር ደግሞ ወደ 10 የጅቡቲ ፍራንክ ያወጣ ነበርና፣ ከእጇ የወጣው ገንዘብ ወደ 400,000 ፍራንክ ደረሰ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የትርፍ ድርሻዋን በጥሬ ገንዘብ ከመውሰድ ይልቅ በአክሲዮን ላይ አክሲዮን አስጨመረችበት። ባንኩ ትርፍ ያላከፋፈለበት ዓመትም ነበር። እንዲህ እንዲያ እያለ 40ው 62 ሆነ።

እነዚህ 62 አክሲዮኖች ለእሷ የባንክ ወረቀት ብቻ አልነበሩም። የመመለሻዋ ቀን ነበሩ። አሮጊት እናቷ የሚኖሩባት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ጣሪያዋ ዝጎ በክረምት ታፈሳለች። ጣሪያውን መቀየር፣ ከዚያም በደጁ ላይ አንዲት ምግብ ቤት መክፈት የዘወትር ሐሳቧ ነው። በጓዳው መሳቢያ ውስጥ ባለችው የሒሳብ ደብተሯ ላይ ደመወዟ በፍራንክ፣ ወደ ቤት የላከችው በብር፣ አክሲዮኖቿ ደግሞ በቁጥር ብቻ ተጽፈዋል። ከ62ቱ ጎን ዋጋ ጽፋ አታውቅም። ዋጋቸው አንድ ቀን በራሱ ጊዜ የሚገለጥ ይመስላት ነበር።

ያ ቀን የደረሰ የመሰለው በጥቅምት ወር ነው። ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከአክሲዮኖቹ 10 በመቶ የሚሆነውን ለኢትዮጵያውያን መሸጥ ጀመረ። ለሽያጭ የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ሲሆን፣ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ መግዛት የሚቻለውም ቢያንስ 33፣ ቢበዛ 3,333 አክሲዮን ነበር። ሽያጩ የተካሄደው በቴሌብር ነው። ከዚሁ ጋር የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በአዲስ አበባ ሊከፈት መሆኑና ወጋገን ባንክም በገበያው ላይ እንደሚመዘገብ ወሬው በስፋት ይነገር ጀመር።

ወሬውን ወደ ጓዳዋ ያመጣው የጎረቤት ቪላ ሾፌር ነው። የድሬዳዋ ልጅ ስለሆነ በዕድሜ የምትበልጠውን ሴት «እትዬ» እያለ «አንቺ» ማለትን እንደ ድፍረት አይቆጥረውም።

«እትዬ፣ እንዳትሸጪ!» አላት አንድ ማለዳ፣ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ። «ትልቁ ሲሸጥ ትንሹም ዋጋ ያወጣል። ወጋገን ገበያ ላይ ወጥቶ ዋጋው ከታወቀ፣ ሰው ያንቺንም ባንክ ከእሱ ጋር ማስተያየቱ አይቀርም። ዛሬ 1,000 የሚሉሽ ነገ 3,000 ብለው ይለምኑሻል።»

እሱ ራሱ የተናገረውን የሚያምን ሰው ነበር። በድሬዳዋ ባለችው እህቱ ስም 33 የቴሌኮም አክሲዮን በ9,900 ብር ገዝቷል። «ለልጄ ነው» ይላል።

የሾፌሩ ሐሳብ መሠረት የሌለው አልነበረም። የአክሲዮን ገበያ በቆየባቸው አገሮች ሁሉ ሰዎች እንዲህ ያስባሉ። አንድ ትልቅ ኩባንያ አክሲዮኑን ለሕዝብ በሚያቀርብበት ጊዜ ሰነዱን ይገልጣል፤ ትርፉም ዕዳውም ይታያል፤ ገበያውም ዋጋ ይቆርጥለታል። ያ ዋጋ ከትርፉ ስንት እጥፍ እንደሆነ ይሰላና፣ በዚያው ሥራ የተሰማራ ሌላ ትንሽ ኩባንያ በዚያው ሚዛን ይመዘናል። ትንሹ ረክሶ ከተገኘ፣ ቀድሞ የገዛው ሰው አተረፈ ማለት ነው። ስለዚህም ከትልቁ ሽያጭ በፊት የትንሹን አክሲዮን ሰብስቦ መጠበቅ በኒው ዮርክም በለንደንም በናይሮቢም ያለ ልማድ ነው።

ነገር ግን በዚህ ስሌት ውስጥ ሁለት ነገሮች ይዘነጋሉ። አንደኛው፣ ተፎካካሪ የሚፎካከረው ለደንበኛ ብቻ ሳይሆን ለገዥ ኪስም ጭምር መሆኑ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የገንዘብ ዝውውሩን ከባንኮች ጋር ተሻምቷል። አክሲዮኑ ሲቀርብ ደግሞ የጠየቀው 30 ቢሊዮን ብር ነው። ይህ ገንዘብ የሚወጣው የትንሹን ባንክ አክሲዮን ሊገዛ ይችል ከነበረው ነጋዴ፣ መምህርና ስደተኛ ኪስ ነው። ሁለተኛው፣ በገበያ ላይ የተመዘገበ አክሲዮን ገዥና ሻጭ በአንድ ስፍራ የሚገናኙበት መሆኑ ነው። ያልተመዘገበው ግን ሰው በሰው ተፈልጎ፣ ዋጋው በሹክሹክታ ተነግሮ፣ በባንኩ መዝገብ ላይ ስም ሲዛወር ብቻ የሚሸጥ ነው። የጎረቤት በሬ በገበያ ቀን ስንት እንዳወጣ ማወቅ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የራስን በሬ ገበያ አያደርስም።

በታኅሣሥ ወር ወንድሟ ከኮምቦልቻ ደወለ። አንድ የደሴ ነጋዴ፣ እሱም በዚያው ባንክ ባለአክሲዮን የሆነ፣ 62ቱንም አክሲዮን እያንዳንዱን በ1,300 ብር ሊገዛ ይፈልጋል አላት። ድምሩ 80,600 ብር ነው።

«ምን ልበለው?» አለ ወንድሟ።

ያን ሌሊት አልተኛችም። 1,300 ለመጀመሪያ ጊዜ ከ62ቱ ጎን የተጻፈ ዋጋ ነበር። ለጣሪያው ይበቃል፤ ለምግብ ቤቱም መጀመሪያ ይሆናል። ከሸጠች በኋላ ግን ዋጋው 3,000 ቢገባ፣ 13 ዓመት የጠበቀችውን በአንድ ወር ችኮላ እንዳጣችው ሆና ዕድሜዋን ሙሉ ልትቆጭ ነው። በማግሥቱ ለወንድሟ «እስከ ጥር ይቆየን፤ ገበያው ይከፈትና እንይ» አለችው። ነጋዴው አልተቀየመም። ወንድሟ በዚያው ዕለት ከባንኩ የመጣ አንድ ደብዳቤ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ላከላት። ማኅተሙንና የባንኩን አርማ አየች። እንደ ወትሮው የጠቅላላ ጉባኤ ጥሪ መስሏት አለፈችው።

አርብ በጅቡቲ የዕረፍት ቀን ነው። ሴትየዋ በወር አንድ ጊዜ፣ ከአሠሪዎቿ ምሳ በኋላ፣ ባልባላ ወደሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ቤት ትሄዳለች። ጋሼ በኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡር ድርጅት ሒሳብ ክፍል ሠርተው በጡረታ የተገለሉ፣ የሀገራቸው ሰዎች ደብዳቤ ሲመጣላቸው ወይም ሒሳብ ሲጠፋባቸው የሚያማክሯቸው ሰው ናቸው። ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ደብተሯን ተቀበሏት።

«ልጄ፣ እስቲ መጀመሪያ በምን እንደምትቆጥሪ ንገሪኝ። በብር ነው በፍራንክ?»

«በብር ነው እንጂ ጋሼ፤ አክሲዮኑ የብር አይደል?»

«ስትገዢው ግን ያወጣሽው ፍራንክ ነበር።»

ሽማግሌው እርሳስ አንሥተው አሰሉ። የጅቡቲ ፍራንክ ከአሜሪካ ዶላር ጋር ከታሠረ ብዙ ዓሥርት ዓመታት አልፈውታል፤ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከ72 ሳንቲም ገደማ እንደሆነ ይኖራል። የኢትዮጵያ ብር ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ፣ በዚያ ወር ወደ 125 ብር ደርሶ ነበር። 10 ፍራንክ የነበረው አንድ ብር 1 ፍራንክ ከ40 ሳንቲም ሆኗል ማለት ነው።

«ነጋዴው የሚሰጥሽ 80,600 ብር፣ በዛሬው ምንዛሪ ወደ 113,000 ፍራንክ ነው። ያስቀመጥሽው 400,000 ነበር። ያ ልጅ እንዳለው 3,000 ብር እንኳ ቢገባ፣ 186,000 ብር ይሆናል፤ 260,000 ፍራንክ ገደማ ነው። አሁንም ካስቀመጥሽው አይደርስም።»

ሴትየዋ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ምንዛሪው መለወጡን ሳታውቅ ቀርታ አልነበረም። እንዲያውም ከሐምሌ ወዲህ ወደ ቤት የምትልከው ፍራንክ ብዙ ብር ሲሆን ደስ ብሏት ነበር። በአንድ እጇ የተቀበለችውን በሌላው እጇ እየሰጠች እንደነበር ግን አላስተዋለችም። ገንዘብ ላኪ ሆና አትርፋለች፤ ባለአክሲዮን ሆና ግን ከስራለች። ጥፋቱም የባንኩ አልነበረም፤ የተፎካካሪውም አልነበረም። የሚዛኑ ድንጋይ ነበር የተለወጠው።

«ታዲያ ልሽጠው ነው የሚሉኝ?» አለች በመጨረሻ።

ጋሼ ቀጥተኛ መልስ አልሰጧትም። ስለሚያውቁት ነገር፣ ስለ ባቡሩ ያጫወቷት ጀመር። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ኢልግ ከፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኔ ጋር ኩባንያ አቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ወደብ ሐዲድ መዘርጋት ተጀመረ። ገንዘቡ ግን አልበቃም። ኩባንያው ሲቸገር የእንግሊዝ ገንዘብ ሰዎች አክሲዮኑን መግዛት ያዙ። ፈረንሳይም መስመሩ ወደ ተቀናቃኟ እጅ እንዳይገባ ፈርታ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ለኩባንያው በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ልትከፍል ተዋዋለች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ባቡሩ ድሬዳዋ ገባ፤ በሐዲዱም ምክንያት አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ኩባንያው ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሠረ። እ.ኤ.አ. በ1908 በሌላ ኩባንያ ተተካና ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ።

«አየሽ» አሉ ጋሼ፣ «ሐዲዱ አልከሰረም። እኔም አንቺን ያስመጣሽ መንገድም የዚያ ሐዲድ ልጆች ነን። የከሰረው በሐዲዱ ስም የተሸጠው ወረቀት ነው። ያን ወረቀት የገዙት፣ እንግሊዝ ምን ታደርግ ይሆን፣ ፈረንሳይ ምን ትመልስ ይሆን እያሉ ሁለቱን ኃያላን ሲጠብቁ ነበር። ኩባንያው በውስጡ ስንት ገንዘብ ጎደለው ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነበር። አንቺስ ባንክሽ ምን እንደጎደለው ታውቂያለሽ?»

አላወቀችም። የወጋገንንና የቴሌኮምን ወሬ በቃሏ ልትዘረዝር ትችል ነበር። ስለራሷ ባንክ የምታውቀው ግን ስሙንና 62 የሚለውን ቁጥር ብቻ ነበር።

አርብ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በአዲስ አበባ በይፋ ተመረቀ። ወጋገን ባንክም በገበያው የተመዘገበ የመጀመሪያው ኩባንያ ሆነ። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በአዲስ አበባ በብሔራዊ ባንክ ሥር አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት ስብሰባ እንደነበረ የሚያስታውሱ ሽማግሎች፣ ባንኮቹ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ሲወረሱ ወረቀታቸው በመሳቢያ ውስጥ እንደቀረ የሚያስታውሱ ሽማግሎች፣ ዕለቱን በተለየ ስሜት ሳያዩት አልቀሩም። ሾፌሩ የምረቃውን ሥርዓት በስልኩ ይዞላት መጣ። ደወል ሲደወልና ሰው ሲያጨበጭብ አብረው አዩ።

«ይኸው እትዬ! አሁን ያንቺ ዋጋ ይጀምራል።»

ጥር አለቀ፤ የእሷ ዋጋ ግን አልጀመረም። የጎረቤቱ ባንክ መመዝገብ በእሷ ባንክ ደጅ አንድም ገዥ አላሰለፈም። በጋሼ ምክርም ይሁን በድካም፣ ቢያንስ ጥቂቱን ለመሸጥ ቆረጠች። እሷ ሀገር ቤት ስለሌለች ወንድሟ በስሟ መፈረም እንዲችል ውክልና ያስፈልጋል። ከአሠሪዎቿ ፈቃድ ጠይቃ ኤምባሲ ሄደች፤ ተሰለፈች፤ ከፈለች፤ ወረቀቱንም በመንገደኛ ላከች። አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ መታየት ነበረበት። ሁሉም አልቆ ወንድሟ ደሴ ሲደርስ የካቲት ገብቷል።

ነጋዴው በአክብሮት ተቀበለው። «እገዛለሁ» አለ፤ «ነገር ግን ከ22 በላይ አልችልም። ዋጋውም 1,150 ነው።»

ወንድሟ በስልክ ሲነግራት ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሾፌሩ «ሌባ ነው! ስደተኛ መሆንሽን አይቶ ነው» አለ። እሷም እንደዚያ መሰላት። ነገሩን ይዛ አርብ እስኪደርስ አልጠበቀችም፤ በዚያው ምሽት ባልባላ ወረደች።

ጋሼ ጥቂት አሰቡና «ከባንኩ የመጣ ወረቀት አለ?» ብለው ጠየቁ።

ስልኳን ከፍታ በታኅሣሥ የተላከላትን ፎቶ አሳየቻቸው። ሽማግሌው ፊደሉን እያጎሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብለው አነበቡት። የጉባኤ ጥሪ አልነበረም። ባንኩ ካፒታሉን ለማሳደግ ስለወሰነ፣ ባለአክሲዮኖች ባላቸው አክሲዮን ልክ፣ ለእያንዳንዱ አክሲዮን አንድ አዲስ አክሲዮን በ1,000 ብር እንዲገዙ የሚጠይቅ ነው። ቀነ ገደቡ ጥር 30 ነበር። አልፏል።

ምክንያቱም የተሰወረ አልነበረም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ለንግድ ባንኮች አነስተኛውን የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳድጎ፣ በሥራ ላይ ለነበሩት እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ጊዜ ሰጥቷቸው ነበር። ትናንሾቹ ባንኮች አዲስ አክሲዮን መሸጥ ወይም ከሌላ ጋር መዋሐድ ነበረባቸው። ባንኳ ምን እንደጎደለው የሚናገረው ወረቀት ሁለት ወር ሙሉ በእጇ ነበር።

«እኔ ምግብ አብሳይ ነኝ ጋሼ። ለምግብ አብሳይ በሚገባት ቋንቋ ይንገሩኝ» አለች።

«እሺ። አንድ ድስት ወጥ አለሽ እንበል። ድስቱ ውስጥ ያለው ለአንድ ሰው ቢካፈል የ1,300 ብር ወጥ ነው። አሁን አዲስ ተመጋቢ መጣ። ባዶ እጁን አልመጣም፤ የ1,000 ብር ሥጋ ይዞ መጥቷል። ሥጋው ድስቱ ውስጥ ገባ፤ ድስቱ የ2,300 ብር ሆነ። ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሳል?»

«አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ።»

«የነጋዴው ዋጋ ይኸው ነው። አልሰረቀሽም። ደብዳቤውን አንብቦ አስልቶ ነው። አንቺም ያን አዲስ አክሲዮን በ1,000 ብትገዢ ኖሮ፣ በአሮጌው ያጣሽውን 150 በአዲሱ ታገኚው ነበር፤ ምንም አትጎጂም ነበር። ድስቱ ያንቺ ሆኖ ሳለ ሥጋውን እንድታመጪ ቀድመው የጠሩሽ አንቺን ነው። ሕጉም መጀመሪያ ለነባሩ ባለአክሲዮን ይሰጣል። አልመጣሽም፤ ሌላው መጣ።»

በ62 አክሲዮን ላይ 150 ብር ሲባዛ 9,300 ብር ነው። ብዙ አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ሀራሙስ ውስጥ ለአንድ የእንግዶች እራት ከሚወጣው ያንሳል። ለእሷ ግን በየሌሊቱ ከቆመችበት ምድጃ ላይ የተቀነሰ ነው። ከገንዘቡ ይልቅ የቆጠቆጣት ሌላ ነገር ነበር። ገዥው ተገኝቶ በነበረበት ወር፣ ደብዳቤውም በእጇ በነበረበት ወር፣ ዓይኗ ያለው አዲስ አበባ በሚደወለው ደወል ላይ መሆኑ ነው። አዲሶቹን አክሲዮኖች ለመግዛት 62,000 ብር ያስፈልጋት ነበር፤ ያን ያህል አልነበራትም። ነገር ግን በወቅቱ አንብባ ቢሆን ኖሮ፣ የተወሰነውን በ1,300 ሸጣ በከፊሉ አዲሱን መግዛት፣ ወይም ሁሉንም ሸጣ መገላገል ትችል ነበር። ምርጫው የእሷ ይሆን ነበር። አሁን ግን ሳትመርጥ ተመረጠላት።

የቴሌኮሙ ሽያጭ መጀመሪያ ከተባለለት ከታኅሣሥ 25 ቀን ተራዝሞ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ተዘጋ። ውጤቱ በኋላ ሲገለጽ፣ ከ100 ሚሊዮኑ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን፣ የገዙት 47,377 ሰዎች፣ የተሰበሰበውም 3.2 ቢሊዮን ብር ሆኖ ተገኘ። ቀድሞ ብዙ የተወራለት ሽያጭ ከታሰበው አንድ አሥረኛውን ያህል ብቻ ገዥ አገኘ። ሾፌሩ ግን አልተጸጸተም። «እኔ ለመሸጥ አልገዛሁም፤ ልጄ ሲያድግ ያየዋል» አለ። በዚህ አነጋገሩ ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማችለት። የገዛበትን ምክንያት ያውቃል፤ የሚጠብቀውም የሌላ ሰው ዋጋ እስኪወጣ አይደለም።

በመጨረሻ 22ቱን አክሲዮን በ1,150 ሸጠች። እነዚህ 22ቱ በትርፍ ድርሻ የተጨመሩት ናቸው። 25,300 ብር መጣ፤ በፍራንክ ቢቆጠር ከአንድ ወር ደመወዟ ብዙም አይበልጥም። ሾፌሩ «ከሌላ ሰው በ1,000 ተመልሶ የሚገዛ ካለ ብንፈልግስ?» ብሏት ነበር። ሐሳቡ ገባት፤ ከዚህ በፊት ቢሆን ኖሮ ሌላ አራት ወር ትጠብቅበት ነበር። «ክረምት እየመጣ ነው» አለችው። ገንዘቡ ለቆርቆሮ፣ ለምስማርና ለአናጺ ዋለ፤ ጎደለ፤ ከደመወዟ ጨመረችበት። የመጀመሪያዎቹን 40 አክሲዮኖች ግን አልነካቻቸውም። በደብተሯ ላይም ለመጀመሪያ ጊዜ ከቁጥሩ ጎን ሁለት ዋጋ ጻፈች፤ አንዱን በብር፣ አንዱን በፍራንክ። የፍራንኩ አሳዛኝ ነው። ሆኖም የጻፈችው እሷ ናት።

ምግብ ቤቱ አልተከፈተም። የመመለሻዋም ቀን አልቀረበም፤ እንዲያውም ቀድሞ ካሰበችው ራቀ። ይህን ለራሷ መንገር የቻለችው ግን አሁን ነው።

በሐምሌ፣ ካምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ የሀራሙስን ግንቦች በአቧራ በሚገርፍበት ወቅት፣ እናቷ ደወሉላት። ኮምቦልቻ ዝናብ ይጥላል። በአዲሱ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ስለሚጮህ የእናቷን ቃል በደንብ መስማት አልቻለችም።

«ምን አሉኝ እማዬ?»

«አያፈስም አልኩሽ!» አሉ እናቷ እየጮሁ። «ደግሞ ከባንኩ ወረቀት መጥቷል፤ ወንድምሽ ይላክልሽ?»

«ይላክልኝ» አለች። ምሽቱን ፎቶው ሲደርሳት ምድጃውን አጥፍታ፣ በጓዳው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ከላይኛው መሥመር ጀምራ እስከ ማኅተሙ ድረስ አነበበችው። የጠቅላላ ጉባኤ ጥሪ ነበር።